በጠመኔው መስመር ላይ ያረፈው ጠረጴዛ

በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በቁም ሣጥኑ ነው። ከቁም ሣጥኑ በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ መጋዙን ሲስብ ሌላው እየገፋ፣ ከአንድ ሣህን እየጎረሱ፣ በአንድ ቀልድ እየሳቁ ይሠሩ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ወዲህ ግን ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የጠመኔ መስመር ተሠምሯል። ከመስመሩ ወዲህ የታላቅየው ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ የታናሽየው።

ታላቅየውን የሠፈሩ ሰው ሚሊሜትር ይለዋል። ስሙ የወጣለት በደግ ቀን ነው፤ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የለካውን መልሶ ሲለካ ያዩ ደንበኞች ናቸው ያወጡለት። ከቁም ሣጥኑ ወዲህ ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሲጠሩት የሚያሳዩት ጥርስ ነው። ታናሽየው ደግሞ ማሙሽ ነው። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ቢሰፍርም፣ ልጆቹ በቁመት ቢበልጡትም፣ ማሙሽ ከመባል አልዳነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ባለ ሦስት በር፣ ባለ መስታወት፣ አናቱ ላይ ቅርጽ የወጣበት ቁም ሣጥን አዘዘ። ወንድማማቾቹ ከአባታቸው እንደተማሩት፣ ያለ አንድ ምስማር፣ እንጨቱን ከእንጨት አቆላልፈው በኮላ አጣብቀው ሠሩት። የሚያየው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ይጭን ነበር። ሊወስዱት በመጡ ቀን ቁም ሣጥኑ በጭብጨባ ታጅቦ እስከ በሩ ተጓዘና እዚያ ላይ ቆመ። በጎኑ ሞከሩት፤ በጀርባው ሞከሩት፤ በአናቱ ዘቅዝቀው ሞከሩት። እንቢ አለ።

«አንተ አይደለህ እንዴ በሩን የለካኸው?» አለ ሚሊሜትር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እኔ? ሚሊሜትር የሚባለው እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ማሙሽ፣ እሱም ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሳቁ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ሁለቱ ግን አልሳቁም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ቃል አልተለዋወጡም። ቁም ሣጥኑን እንዳይፈቱት ኮላው እንደ አለት ይዞታል፤ እንዳይሰብሩት የማናቸውም አንጀት አልቻለም። እዚያው ቀረ። መስመሩም መሐል ለመሐል አለፈበት። የግራው በር የአንዱን መላጊያ፣ የቀኙ በር የሌላውን መሮ ይይዛል፤ መሐለኛውን በር የሚከፍት የለም።

መልእክት የምታመላልሰው የሚሊሜትር ሚስት ናት። ቫርኒሽ የምትቀባው እሷ ስለሆነች በርጩማዋ ልክ መስመሩ ላይ ነው።

«ንገሪው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ከጨረሰ ይመልስ» ይላል ሚሊሜትር፣ ወንድሙ ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ቆሞ።

«ብርጭቆ ወረቀቱን መልስ እያለህ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ንገሪው፣ እኔ ጋ የለም።»

«እሱ ጋ የለም።»

«ሰምቻለሁ። ንገሪው፣ ጫፉ ከኋላ ኪሱ ብቅ ብሎ ይታየኛል።»

«ጫፉ ከኋላ ኪስህ...»

«እትዬ፣ በቃ ሰምቻለሁ!» ይልና ማሙሽ ብርጭቆ ወረቀቱን ለእሷ ይሰጣል፤ እሷ ለባሏ ታቀብላለች። ባሏ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ማሙሽ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ተከራየ። ቅዳሜ ጭነት መኪና ይመጣና የእሱን ድርሻ ዕቃ ጭኖ ይሄዳል። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ «ንገሪው፣ ይቅናው» አለ። ከዚያ ጣውላ የሚያይ መስሎ ወደ ጓሮ ወጣና ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ በሁለት ጫፉ ሁለት እጀታ ያለው ትልቁ መጋዝ በዓይነ ሕሊናው መጣበት። ማሙሽን መጋዝ ያስያዘው እሱ ነው። «ግፋ እንጂ አትጫን፣ እኔ ስስብ አንተ ተከተለኝ» እያለ። ያ መጋዝ ለአንድ ሰው አይሆንም። አንድ ሰው ቢይዘው ይጎብጣል፣ ይጮኻል፣ እንጨት አይቆርጥም።

ሚሊሜትር ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ሳይነቃ የሚጸልይ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት ጸሎቱ አጭር ነበረ። «ጌታዬ ሆይ፣ ወንድሜን አስቀርልኝ። ግን እኔ አፌን ሳልከፍት ይሁን።» እንዲህ ያለው ልመና እንደማያምር ልቡ ያውቀዋል። ቢሆንም ፈጣሪ የሰውን ጠባይ ከነእንከኑ ያውቀዋል፣ ያልተስተካከለውንም ጸሎት አስተካክሎ ይሰማል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ጠረጴዛው የመጣው በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ነው።

ያመጣችው የኬክ ቤት ባለቤት ናት፤ በተናገረች ቁጥር አምባሮቿ አብረዋት የሚናገሩ ደልዳላ ሴት። ሁለት ተሸካሚዎች እያለከለኩ አስገቡትና፣ ወንድማማቾቹ «ወደዚህ» «ወደዚያ» ሳይሉ፣ ሲደክማቸው መሬት ጣሉት። ያረፈው ልክ በጠመኔው መስመር ላይ ነው፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ።

ሲያዩት ጠረጴዛ ነው። ቁመቱ ቁጭ ላለ ሰው ይመቻል፤ ላዩ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር ግን ቴሌቪዥን የመሰለ ስክሪን በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። በሁለቱ ጫፎች፣ ፊት ለፊት፣ አንድ አንድ ቀይ ዘንግ ተተክሏል። ጎኖቹ ላይ የተለጠፈው ፎርማይካ ተነቃቅሏል፤ ከሥሩ ያለው ቺፑድ ውኃ ጠጥቶ እንደ ረጠበ ዳቦ አብጧል።

«የአባቴ የጌም ጠረጴዛ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሰው ኬኩን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ሲጫወትበት ነው ያደግሁት። ኬክ ቤቱን አሳድሼ እሑድ እከፍታለሁ። ቅዳሜ ማታ እንዲደርሰኝ። ከእንጨቱ በቀር ግን ምንም እንዳትነኩብኝ! ይኸው፣ እየሠራ ነው የማስረክባችሁ። እዩልኝ፣ እየሠራ ነው!»

ሶኬቱን ሰካችው። መስታወቱ ሥር ሰማያዊ ኩሬ በራ። በኩሬው ላይ አንዲት ቢጫ ዳክዬ እህል እየለቀመች ትዋኛለች፤ ከላይ ጭልፊቶች ይወርዱባታል። ከዘንጉ አጠገብ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ በአንዱ ላይ አንድ የሰው ራስ፣ በሌላው ላይ ሁለት ራስ ተስሏል።

«ባለ አንድ ራሱ ሞቷል፣ አይሠራም። ባለ ሁለት ራሱን ነው የምትጫኑት» አለች። የቀረውን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለመሰላት አምባሮቿን እያንሿሿች ወጣች።

ማን ይሥራው? መስመሩ ፈረደ። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ጎን ሚሊሜትር፣ ወዲያ ያለውን ማሙሽ እንዲያድሱት በሚስትየው በኩል ተስማሙ። ያበጠውን ቺፑድ ነቅለው በጥሩ እንጨት ይተኩ ጀመር።

ከቁም ሣጥኑ ወዲህ ምሳ የሚበሉት በየተራ ነው፤ መጀመሪያ ማሙሽ፣ ቀጥሎ ሚሊሜትር። ማሙሽ ለምሳ ሲወጣ ሚስትየውም ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትገባ፣ ሚሊሜትር ብቻውን ከዳክዬዋ ጋር ተፋጠጠ። ወደ በሩ አየ። ወደ ጓሮው አየ። «መሥራቱን ላረጋግጥ፣ በኋላ ባለቤቲቱ ነገር እንዳታመጣ» ብሎ ለራሱ ምክንያት ሰጠና በርጩማ ስቦ ባለ ሁለት ራሱን ቁልፍ ተጫነ።

ዳክዬዋ ወጣች። ዘንጉን ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። አንድ እህል ለቀመች፣ ሁለተኛ ለቀመች፤ የሚሊሜትር ምላስ ሳያውቀው በከንፈሩ ጥግ ወጣ። በዚህ መሐል ጭልፊት ከየት መጣ ሳይባል ወርዶ ዳክዬዋን ላፍ አደረጋት።

ኩሬው ተገለበጠ።

ከላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ሆነ። አዲስ ዳክዬ ወጣች፣ ግን እግሯ ወደ ላይ ነው። ዘንጉን ቢያንቀሳቅስ አትሰማም። ሚሊሜትር ላብ በላብ ሆነ። «ከእንጨቱ በቀር ምንም እንዳትነኩብኝ» ያለችው ሴትዮ ድምፅ ከነአምባሮቹ ጆሮው ላይ ጮኸ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ ከወዲያ በኩል ይቀመጥ ነበር። ሚሊሜትር ግን በዚያ መስመር ላይ እግሬን አላሳርፍም ብሎ ለራሱ ምሏል፤ መሐላው ደግሞ ማንም በማያየው ሰዓትም መሐላ ነው። ስለዚህ አሰበ፣ አገጩን አሸ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው እግር ሥር ጆንያ አነጠፈና ትከሻውን ደግፎ ጠረጴዛውን ራሱን አዞረው። ኩሬው ቀና አለ። ከወዲያ የነበረው ዘንግም ከፊቱ መጣ፤ ነካ ሲያደርገው ዳክዬዋ ታዘዘች።

«ተመስገን» አለ፣ ከልቡ።

ይህችኛዋንም ጭልፊት በላት። ኩሬው ተገለበጠ። ሚሊሜትር ተነሣ፣ ትከሻውን ደገፈ፣ ጠረጴዛውን አዞረ። እንዲህ ሲያዞር፣ ሲቀመጥ፣ ሲያስበላ ቆይቶ የማሙሽን ኮቴ ሲሰማ ሶኬቱን ነቀለና መላጊያውን አፈፍ አድርጎ አየሩን ይልግ ጀመር።

ማሙሽ ገብቶ ቆመ። እሱ በኮላ ያጣበቀው ጎን ከመስመሩ ወዲህ፣ ወንድሙ እጅ ሥር ሆኖ አየው።

«እትዬ!» ብሎ ተጣራ። «የሠራሁትን ለምን እንዳዞረው ጠይቂልኝ። ስህተት እየፈለገ ከሆነ መነጽር ልግዛለት።»

ሚስትየው ከነልብስ መቆንጠጫዋ መጣች። «ለምን አዞርከው ይልሃል።»

ሚሊሜትር ጌም ስጫወት ሰበርኩት አይል ነገር! «ንገሪው፣ ብርሃን ፈልጌ ነው» አለ።

«ብርሃን ፈልጌ ነው ይላል» አለች፤ ከዚያም ከባሏ ግንባር ላይ የሚወርደውን ላብ ለአፍታ አየችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ማሙሽ ጠረጴዛውን መልሶ አዞረ። ሚሊሜትር በተራው ምሳ በልቶ ሲመለስ ደግሞ ጠረጴዛው እንደገና ዞሮ አገኘው። ማሙሽ ትከሻውን እያሻሸ፣ ቀጥ ያለ ምስማር ይዞ ሊያቀና ይቀጠቅጣል። «እልህ ነው» አለ ሚሊሜትር በልቡ። «በሄደበት ይሂድ፣ እስከዚያ ድረስ ግን በእልህ ሊገድለኝ ነው።» ወንድሙም ሰማያዊው ኩሬ ተገልብጦበት፣ እሱም መስመሩን አልረግጥ ብሎ እንደሚያዞረው አላሰበም። እንዴት ያስብ? ሁለቱም የሰበሩት ለየብቻቸው፣ የሚደብቁትም ለየብቻቸው ነው።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም። ጠረጴዛው ከኬክ ቤቱ ከመጣበት ይልቅ እዚህ ብዙ መንገድ ሄደ። የሚሊሜትር ትከሻ በለዘ። እህሉ ግን ልቡን ወስዶታል፤ እንጨት ሲልግ ሰጋቱራው ውስጥ ዳክዬ ይታየው ጀመር። በመጨረሻ እንደ ባለሙያ አሰበ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የወጣ ትልቅ ኩሽኔታ ነበረው። ሁለት ክብ ጣውላ ቆረጠ፣ ኩሽኔታውን መሐላቸው ቀበረ፣ ግራሶ ቀባ፤ በጣት ሲነኩት እንደ ነፋስ የሚዞር መደብ ሆነ። ጠረጴዛውን በሚስቱና በሁለት መንገደኞች እርዳታ ላዩ ላይ አቆመው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ቫርኒሽ ስትቀቢ እንዳይደክምሽ ነው። አንቺ ቁጭ፣ ሥራው ይዙርልሽ።»

ሚስትየው በትዳር ዘመኗ ሁሉ «እንዳይደክምሽ» የሚል ቃል ከአፉ ሰምታ ስለማታውቅ ነገሩ እንዳለበት ገባት። ማሙሽ ከመስመሩ ወዲያ ሆኖ በዓይኑ ጥግ ኩሽኔታውን አየ። አገጣጠሙ ጥርት ያለ ነው። አድናቆቱ እስከ ጉሮሮው መጣና እዚያ ቀረ። «ንገሪው» አለ በመጨረሻ፣ «የኔን ጎን ደርቦ እንዳያዞር።»

«ንገሪው፣ ሲዞር ሁሉም ይዞራል።»

«እኔ ምን አልኩ!» አለች እሷ፣ ለማንም ሳይሆን ለቫርኒሹ።

ዓርብ ነው፤ ማሙሽ ምሳ ወጥቷል። ሚሊሜትር ከፍ ባለው ጠረጴዛ ልክ ሁለት በርጩማ ደራርቦ ላዩ ላይ ወጥቶ ይጫወታል። ዳክዬዋ ተበላች፤ ኩሬው ተገለበጠ። በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ጠረጴዛው እንደ ቅቤ ዞረ። ተጫወተ፣ ተበላ፣ ገፋ። ደስታው ወሰን አጣ። በመጨረሻው ላይ ግን ጭልፊቱ ስላናደደው አገፋፉ በረታ። ጠረጴዛው አንዴ ዞረ፣ መቆም ሲገባው ደገመው፣ ሦስተኛውንም አከለበት። የሶኬቱ ገመድ የጠረጴዛው እግሮች ላይ ተጠመጠመ፣ ከዚያ የሚሊሜትር በርጩማ ላይ ተጠመጠመ፣ ከዚያም ራሱን ሚሊሜትርን ሊጠመጥመው ሲል ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ ግንባሩን ቀመሰው። ሚሊሜትር መስታወቱን ሁለት እጁን ዘርግቶ አቅፎ፣ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከጠረጴዛው ጋር ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ ፊቱ ወደ በሩ ደረሰ። ሚስቱ እዚያ ቆማለች። ዞረና አለፋት። እንደገና ዞሮ ሲደርስ አሁንም እዚያው ናት።

«ብርሃን እየፈለግህ ነው?» አለችው።

መደበቅ አልቻለም። እየተፈታ ሁሉንም ነገራት፦ ኩሬው እንደሚገለበጥ፣ እንደሰበረው፣ በየጊዜው እንደሚያዞረው። እሷ ሶኬቱን መለሰችና በርጩማዋን ይዛ በጠመኔው መስመር ላይ ምንም እንዳልተሠመረ ረግጣ አለፈች፤ ከወዲያ በኩልም ተቀመጠች።

«ጀምር እስቲ።»

ጀመረ። ዳክዬዋን ወዲያው አስበላት። ኩሬው ተገለበጠ። «ይኸው! አየሽ?» አለ፣ ግንባሩን በመዳፉ መትቶ። «ተዘቀዘቀ!»

«ለእኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ» አለችና ከፊቷ ያለውን ዘንግ ይዛ እህሉን ትለቅም ጀመር። ለቀመች፣ ለቀመች፣ ጭልፊቱን በግራ አሳለፈች፣ በቀኝ አሞኘች። ሚሊሜትር አፉን ከፍቶ ያያል። የእሷ ዳክዬ በጭልፊት ስትበላ ኩሬው ወደ እሱ ቀና ብሎ መጣ።

«ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልተሰበረም። አንድ ጊዜ ለአንተ፣ አንድ ጊዜ ለእኔ ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ቁልፉ ላይ ሁለት ራስ ተስሏል፤ ሁለት! አንተ ግን በአንድ ራስ ስታዞረው ከረምክ።»

ሚሊሜትር የተላጠ ጣውላ መሰለ። ራሱ የሚዞር ጠረጴዛ ለማዞር ኩሽኔታ ቀብሯል። ሚስቱ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ማሙሽም ሲያዞረው ሰነበተ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ያህል።

«ከወዲያ በኩል ማን አለና? እሱም ብቻውን ነዋ።»

ይህን ተናግራ ወደ ልብሷ ሄደች። ሚሊሜትር ባዶውን በርጩማ እያየ ማሙሽ እስኪመጣ ድረስ ዘንጉን ሳይነካ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ደረሰ። ማሙሽ ከጠዋት ጀምሮ መሮውን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ መላጊያውን በሣጥን እየከተተ ነው። ጠረጴዛው አልቋል፤ ቫርኒሹ ደርቆ ያበራል። ሚሊሜትር ሥራ አጥቶ የተስተካከለውን ያስተካክላል። ጸሎቱን ጠዋት ደግሟል። ከላይ የመጣ መልስ አልነበረም፣ ወይም እሱ አልሰማም።

«ንገሪው» ብሎ ጀመረ ማሙሽ፣ «ትልቁን መጋዝ...»

«አልናገርም» አለች ሚስትየው።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«አፌ ደከመው። ይልቅ ባለቤቲቱ መጥታ ሳትወስደው ጌሙ እንደሚሠራ እንፈትነው። ና፣ ጀምር» አለች ባሏን። ከወዲያ በኩል ተቀመጠች። ሚሊሜትር ተጫወተ፣ ተበላ። ኩሬው ወደ እሷ ዞረ። እህል ለቀም ለቀም አደረገችና ድንገት አየሩን አሸተተች። «ውይ! ምድጃ ላይ የጣድኩት! ማሙሽዬ፣ ናማ ያዝልኝ፣ እንዳትሞትብኝ!»

ማሙሽ ለወንድሙ ብሎ አያደርገውም ነበር። እትዬ ግን እናቱ ካረፈች ወዲህ ካልሲውን የጣፈችለት ናት። ሣጥኑን አስቀምጦ ሮጠና ዘንጉን ከእጇ ተቀበለ። እሷ ወጣች። ምድጃው ላይ ምንም እንዳልተጣደ ሚሊሜትር ያውቃል።

ማሙሽ ተጎንብሶ ይጫወታል። ሲጫወት ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ይወጣል፣ ልክ እንደ ወንድሙ። ሚሊሜትር ከማዶ ሆኖ የተዘቀዘቀውን ኩሬ ያያል። ድንገት ከዳክዬዋ ጀርባ አንድ ጭልፊት ሲወርድ አየ።

«ከኋላህ!» ብሎ ጮኸ።

«አየሁት!» ብሎ ጮኸ ማሙሽ፣ ዳክዬዋን እያስመለጠ።

በጓሮው በር በኩል ሚስትየው እርጥብ አንሶላ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ፣ ገመዱ ላይ ሳትጥለው ቀጥ ብላ ቆማ ትታያለች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ ማሙሽ ተበላ። ኩሬው ወደ ሚሊሜትር ዞረ። ማሙሽ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ወደ ኩሬው አየ፣ ወደ ኩሽኔታው አየ፣ በበለዘ ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ። ገባው። አፉ ሊከፈት ሲል ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ሚሊሜትር ወደ በሩ አየ። ማሙሽ ግን አልተነሣም። «ተራዬ ሲደርስ ልጨርስና» አለ፣ ለማን እንደተናገረ ሳይታወቅ።

ተራው ሲደርስ! ይህን ቃል ሚሊሜትር እንደ ገመድ ያዘው። የእሱ ዳክዬ እስካልሞተች ድረስ የማሙሽ ተራ አይደርስም፤ ተራው እስካልደረሰ ማሙሽ አይነሣም። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ ተጠንቅቆ አያውቅም። እህሉን ተወው። ከኩሬው ጥግ ሸምበቆ አለ፤ ሸምበቆው ውስጥ ጭልፊት እንደማይገባ ሰሞኑን ደርሶበታል። ዳክዬዋን እዚያ ሸጎጣትና እጁን ከዘንጉ አነሣ።

ጥሩምባው ደገመ።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ማሙሽ።

«እያረፈች ነው።»

«ዳክዬ? ጌም ውስጥ ያለች ዳክዬ ይደክማታል?»

«የኔዋን ይደክማታል። አርጅታለች።»

«አንቀሳቅሳት እንጂ!»

«ምን አስቸኮለህ?»

ከላይ ጭልፊቶቹ ይመላለሳሉ፤ ዳክዬዋ ሸምበቆዋ ውስጥ ከዚህ በቀር ሥራ እንደሌላት ሁሉ ትወዛወዛለች። ሚሊሜትር ቀና ብሎ የወንድሙን ፊት ማየት አቃተው። መስታወቱ ላይ ግን ያ ፊት ተዘቅዝቆ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ግንባሩ ወደ ታች፣ አገጩ ወደ ላይ። የተገለበጠን ፊት ማናገር ቀለለው።

«አዲሱ ቤት» አለ ፊቱን፣ «በሩ ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው» አለ የተገለበጠው ፊት።

«ለክተኸዋል?»

ማሙሽ ጣቱን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አሳለፈ። «አልለካሁትም» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያን ጊዜም አልለካሁም። አንተ ለክተሃል ብዬ።»

«እኔም አንተ ለክተሃል ብዬ።»

መስታወቱ ላይ የተዘቀዘቀው አፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚሊሜትር መጀመሪያ ሊያለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ ሳቅ ነበር። ጥርስ ነክሶ የታፈነ፣ ብዙ የቆየ ሳቅ። እሱንም ያዘው። ግን ሳቁ ውስጥ ሳለ ጸሎቱ ትዝ አለው። አፌን ሳልከፍት ብሎ ነበር የለመነው። መልሱ እስከ አፉ ድረስ መጥቶ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ ግን አይገባለትም። የቀረውን እሱ ራሱ መክፈት አለበት።

«አትሂድ» አለ።

ሹፌሩ ከበሩ ብቅ አለ፤ ክብ ሆድ ያለው፣ ጥርስ መፋቂያ የሚያላምጥ ሰው። «ስሙማ፣ ጥሩምባዬ ሊያልቅ ነው። ምንድን ነው የምጭነው?»

«መጀመሪያ ዳክዬህን አንቀሳቅስ» አለ ማሙሽ ወንድሙን።

ሚሊሜትር ዘንጉን ያዘ። ዳክዬዋ ከሸምበቆዋ ወጣች። አንድ ክንድ ሳትርቅ ጭልፊቱ ላፍ አደረጋት። ኩሬው ዞሮ ወደ ማሙሽ ቀና አለ።

«ተራዬ ነው» አለ ማሙሽ ለሹፌሩ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። «ጠብቅ።»

ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ገባና ዕቃውን በዓይኑ ይመዝን ጀመር። ቁም ሣጥኑ ፊት ሲደርስ ቆመ፣ ወደ በሩ አየ፣ መልሶ ቁም ሣጥኑን አየ። «ይሄንን ነው እንዳትሉኝ» አለ። «በዚህ በር አይወጣም እኮ!»

ማሙሽ ዘንጉን ለቀቀው። ዳክዬዋ ተበላች፤ ማንም አላዘነላትም። ሁለቱ ሰዎች መስታወቱ ላይ ተደፍተው፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሹፌሩ ምን እንዳስቃቸው ባያውቅም ሳቃቸው ስለተጋባበት ጥርስ መፋቂያውን አውጥቶ አብሮ ሳቀ።

መኪናው ባዶውን አልተመለሰም። የኬክ ቤቱን ጠረጴዛ እንዲያደርስ ተስማሙ። ሊያነሡት ሲሉ ግን ሚሊሜትር እጁን ዘረጋ። «ቆዩ። ይለካ።»

ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን ማሙሽ። መጀመሪያ በሩን ለኩ። ሚሊሜትር እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ልኩን መቃኑ ላይ ጻፈ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ለኩ፤ ይወጣል። ቀጥሎ፣ አብሮ እንዲሄድ፣ ጠረጴዛው የቆመበትን፣ ሚሊሜትር ያን ያህል የተጠበበበትን ክብ መደብ ለኩ። ማሙሽ ሜትሩን ጠጋ ብሎ አየ። ራቅ ብሎ አየ። ከዚያ በልማድ ወደ ጓሮው በር ዞረ።

«እትዬ፣ ንገሪው...»

ሚስትየው ሣህን ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። «ራስህ ንገረው» አለች።

ማሙሽ ወደ ወንድሙ ዞረ። ከቁም ሣጥኑ ወዲህ ከአፉ ያልወጣው ቃል መጀመሪያ ወጣ።

«ጋሼ» አለ፣ «አይወጣም።»

ሚሊሜትር መደቡን የሚፈታበትን ካቻቢቴ ሊያመጣ መስመሩን ረግጦ አለፈ። ሚስትየው የቁም ሣጥኑን መሐለኛ በር በክርኗ ከፈተችና ሣህኑን ውስጥ አስቀመጠች፤ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሰጋቱራ እንዳይገባበት። ሣህኑ አንድ ነበር።